አሥራ ሁለተኛው ስም

በረዶው ከመስኮት ልክ ሲሆን ቁመቱ
ቅጹ ይታደላል፤ ሐይቁም ነጭ ነው ፊቱ።
አዳዩ እኔ ነኝ፤ አማካሪ ነኝና፣
«ከነዚህ አንድ ምረጥ» የምል በትሕትና።
እንጨት ሥራ፣ ወጥ ቤት፣ ሞተር ፈቶ መግጠም፣
ሕሙማን መንከባከብ፣ የመኪና ቀለም፤
ብየዳ ከታች ነው፣ ገጹ ሊያልቅ ሲል፤
ማተሚያው ደክሞት ነው መሰል፣ ፊደሉ ይደበዝዛል።

ደንቡ አጭር ነው፤ አሥራ ሁለት ስም።
ከዚያ አንድ ቢጎድል ክፍሉ አይከፈትም።
ቆጠርሁ፣ ደገምሁ፤
ከላይ ወደ ታች ወርጄ፣ ከታች ወደ ላይ ወጣሁ፤
አሥራ አንድ።

ሚስተር ቱሚላ መጣ፤ ቆመ እንጂ አልተቀመጠም፣
ሁለት ጣት በጎደለው እጁ ቆቡን ያሻል፣ አያየኝም።
«ስንት ደረሱ?»
«አሥራ አንድ።»
«እንግዲህ…» አለና
የቀረውን ዋጠው፤ ወጥቶ ሄደ ገና
ደወል ሳይደወል።

በማግስቱ ዴሊያ ኒስካላ ገባች፤
የቢጫው አውቶቡስ ሾፌር ልጅ ነች፤
ከዘጠና በታች አምጥታ አታውቅም።
እርሳሷ ተነክሷል፤ ሳጥኑ ግን ምልክት የለበትም።

ሁለት ነገር ነበረኝ በምላሴ ጫፍ ላይ፤
አንዱ «ስታቲስቲክስ ያዢ፣ ዩኒቨርሲቲ ያንን ነው የሚያይ»፤
ሌላው «አሥራ ሁለተኛ ሁኚ»፤ እሱን ግን ዋጥሁ።
ልጅን ለቁጥር መሙያ? አፈርሁ።
የመጀመሪያውን ተናገርሁ።

እሷ ወደ ውጭ እያየች እንዲህ አለች፦
«አምና የእናቴ የበረዶ መጥረጊያ ተሰበረ።
አንድ ሰውዬ በየደው፤ ብር ተቀበለ፤
በሦስተኛው ቀን እዚያው ላይ ተሰነጠቀ።
መጥፎ እንደነበር ስፌቱን ሳየው ገብቶኛል።
ለምን መጥፎ እንደሆነ ግን አላውቅም።
እሱን ነው ማወቅ የምፈልገው።»
ምልክቷ ከሳጥኑ መስመር አልፎ ወጣ፤ እንዲሁ ተቀበልሁት።

የመጀመሪያ ስፌቷ የዶሮ ኩስ ይመስላል፤
ያለው ቱሚላ ነው፤ ብሎም ይስቃል።
«አትይው፣ ስሚው፤ ደኅና ብየዳ ድምፅ አለው፣
ስብ በጋለ መጥበሻ ላይ ሲንጫጫ ዓይነት ነው።
ከተንጣጣ ርቀሻል፤
ዝም ካለ፣ ከብረቱ ተጣብቀሻል።»

አንድ ቀን እኔም ወረድሁ፤ ጭንብሉን አጠለቅሁ።
ወርክሾፑ ጠፋ፣ ልጆቹ ጠፉ፣ እጄን እንኳ አላየሁ፤
አንዲት አረንጓዴ ኮከብ ብቻ በጨለማው ትሄዳለች፣
ከኋላዋ መንገድ እየተወች።

ብረት ቀለም የለውም ሲባል ሰምቼ፣
እኔም አምኜ ኖሬ፣ ቀለም ቆጥሬ፣ ቀለም አስቆጥሬ አርጅቼ፤
ሲግል አየሁት፤ መጀመሪያ ገለባ፣ ቀጥሎ ወይን ጠጅ፣
ከዚያም ሰማያዊ። ቀለም ነበረው፤ የሚያነበው አጣ እንጂ።

የኋላው ደረጃ በረዶ ይዞ ሁለት ሰው ጥሏል።
አሁን መደገፊያ አለው፤ አሥራ ሁለቱ ሠርተውታል።
ጧት ጧት እይዘዋለሁ፤ ጓንቴን አላወልቅም፣
ባዶ እጅ የነካው እንደሆን ቆዳውን ሳይሰጥ አይለቅም።
ግን በጓንቱም ውስጥ ቢሆን መጋጠሚያውን እቆጥራለሁ፤
ሦስተኛው ላይ ትንሽ ጉብታ አለ። የማን እንደሆነ አውቃለሁ።
ሞርዳ ከእጇ ነበረች፤ ልታለሰልሰው ትችል ነበር።
«ይቆይ» አለች አሉ፤ «ያን ቀን የቸኮልሁበት ነው» ብላ።

ዩኒቨርሲቲ ትግባ ወይ መርከብ ጥገና፣ አልነገረችኝም፤
እኔም፣ ሥራዬ ሆኖ ሳለ፣ አልጠየቅኋትም።

ይኸው ደግሞ በረዶው ከመስኮቱ ደርሷል፤
ቅጹ ከጠረጴዛዬ ላይ ተከምሯል።
ብየዳ፣ ከታች፣ በደበዘዘ ፊደል።
ቆጠርሁ፤ ዘጠኝ።
የቱሚላ እርምጃ በኮሪደሩ ይሰማኛል።
ገና ማክሰኞ ነው፤ እስከ ዓርብ ጊዜ አለ።